«የኛ ልጅ» ስለሆነ ብቻ አይጨብጨብለት፦ ስለ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ»

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ

ስለ ትውልደ ኢትዮጵያዊው ካናዳዊ ዘፋኝ አቤል ተስፋዬ፣ በመድረክ ስሙ ዘ ዊኬንድ፣ በጋዜጦቻችንና በኤፍ ኤም ጣቢያዎቻችን ብዙ ይወራል። ስንት ሚሊዮን ዶላር እንዳገኘ፣ የትኛውን ሽልማት እንደወሰደ፣ ከማን ጋር እንደታየ ሁላችንም እናውቃለን። ዘፈኑ ራሱ የቱ ጋ እንደሚያምርና የቱ ጋ እንደሚሰለች የሚናገር ጽሑፍ ማግኘት ግን ይቸግራል። «የኛ ልጅ ነው» ከተባለ በኋላ ጆሮ ሥራ ይፈታል፤ የሚቀረው ጭብጨባ ነው። ይህ ደብዳቤም የአድናቂ ነው፤ አድናቂ ግን ሲያማ እንጂ ሲያመሰግን ብቻ አይታመንም።

ድምዳሜው ከፊት ይምጣ። አቤል ከሠራው ሁሉ የሚበልጠው በ21 ዓመቱ በነጻ የለቀቀው የመጀመሪያ አልበሙ «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ነው። ከ9ኙ ዘፈኖች 5ቱ እንከን አይወጣላቸውም። 2ቱ መካከለኛ ናቸው። አንዱ ግማሹ ቢቆረጥ ይሻለው ነበር። አንዱ ጨርሶ ባይኖር አልበሙ አይጎድልበትም። የቱ የት እንደሚመደብ ወደኋላ ይመጣል፤ መጀመሪያ ግን የምንሰማው የትኛውን ቅጂ እንደሆነ እንስማማ።

አልበሙ የወጣው እ.ኤ.አ. ማርች 21 ቀን 2011 (መጋቢት 12 ቀን 2003 ዓ.ም.) ነው። አቤል ቶሮንቶ ተወልዶ፣ ስካርቦሮ በሚባለው አካባቢ ከእናቱና ከአያቱ እጅ ያደገ፣ አፉን በአማርኛ የፈታ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጨረሻ «ዋት ዩ ኒድ»፣ «ሎፍት ሚውዚክ» እና «ዘ ሞርኒንግ» የተባሉ ሦስት ዘፈኖች የዘፋኙ ማንነት ሳይገለጥ ዩቲዩብ ላይ ተጫኑ። የዚያው ከተማ ልጅ የሆነው ራፐሩ ድሬክ ከነጓደኞቹ ሲያሰራጫቸው ወሬው ተዛመተ። ከጥቂት ወራት በኋላ 9ኙም ዘፈኖች ከራሱ ድረ ገጽ ላይ በነጻ እንዲወርዱ ተደረገ፤ አሳታሚ ኩባንያ የለ፣ ሲዲ የለ፣ ዋጋ የለ። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ «ተርስዴይ»፣ ዲሴምበር ላይ «ኤኮስ ኦፍ ሳይለንስ» ተከተሉ። በ9 ወር ውስጥ 27 ዘፈን ማለት ነው። የመጀመሪያው ሥራ በነጻ የተለቀቀ ቢሆንም ለካናዳው የፖላሪስ ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» አንድ ቅጂ ብቻ የለውም። በነጻ ሲወጣ ከሌሎች ሰዎች ዘፈን የተቆረጡ ድምፆች፣ ሙዚቀኞች ሳምፕል የሚሏቸው፣ ገብተውበት ነበር። ኖቬምበር 2012 ላይ ሪፐብሊክ ከተባለው ኩባንያ ጋር ተስማምቶ ሦስቱን ሥራዎች ከ3 ተጨማሪ ዘፈኖች ጋር «ትሪሎጂ» ብሎ በ30 ዘፈኖች ለሽያጭ ሲያቀርብ፣ ሚክስና ማስተሪንጉ (የድምፆቹ ማመጣጠንና የመጨረሻ ማስተካከያ) እንደገና ተሠራ። «ዋት ዩ ኒድ» ውስጥ የነበረው የአሜሪካዊቷ ዘፋኝ የአሊያ ሳምፕልም ተነሣ። ማርች 2021 ላይ አሥረኛ ዓመቱን ምክንያት አድርጎ የመጀመሪያው ቅጂ ከነሳምፕሎቹ ወደ ሙዚቃ መተግበሪያዎች ተመለሰ።

መለየቱ ቀላል ነው። ዘፈኖቹ 30 ሆነው ከተደረደሩ የሚሰሙት «ትሪሎጂ»ን ነው። 9 ብቻ ከሆኑና ከስሙ አጠገብ «ኦሪጂናል» የሚል ካለ የመጀመሪያው ነው። ጥርጣሬ ካለ ሁለተኛውን ዘፈን ይክፈቱ፤ ከበስተጀርባ ተቆራርጦ የሚመላለስ የሴት ድምፅ ከሌለበት የ2012ቱ ነው። የ2012ቱ ጥርት ያለ ነው፣ ድምፁም ወደፊት ቀርቧል፤ ለሬዲዮ ይመቻል። ቢሆንም ይህ አልበም ጥርት ሲል ውበቱ ይቀንሳል። ጭጋጉ የሥራው አካል ስለሆነ ምርጫው የመጀመሪያው ቅጂ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ የዞሩት ፋይሎች ደግሞ የራሳቸው ጣጣ አላቸው። አልበሙ 50 ደቂቃ ገደማ ነው። በሰከንድ በ320 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 ከሆነ ፎልደሩ ወደ 120 ሜጋባይት ይመዝናል፤ በ128 ከሆነ 48 ሜጋባይት አካባቢ ነው። 48 የሚመዝነው ላይ የሲምባሉ ድምፅ የተቀቀለ ይመስላል፣ የድምፁ ጅራትም ይቆረጣል። ይባስ ብሎ 128 የነበረውን በ320 እንደገና ቀይረው የሚያከፋፍሉ አሉ፤ ክብደቱ ይጨምራል፣ የጠፋው ድምፅ ግን አይመለስም። ቲክቶክ ላይ የሚዞረው የተፋጠነ ቅጂም ተለይቶ ይታወቅ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር የአቤል ድምፅ ወደ ልጅ ድምፅ ይጠጋል፣ ቤዙም (ወፍራሙ የታች ድምፅ) ይቀጥናል። «ዘ ሞርኒንግ» ከ5 ደቂቃ በታች ከሆነ ተፋጥኗል ወይም ተቆርጧል።

መስሚያውም ወሳኝ ነው። የስልክ ስፒከር ከ200 ኸርዝ በታች ያለውን ድምፅ የሚያወጣው በስሱ ነው፤ የዚህ አልበም መሠረት ደግሞ ያለው ከዚያ በታች ነው። «ሃይ ፎር ዚስ»ን በስልክ ስፒከር የሰማ ሰው ዘፈኑን አልሰማም ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ቤዙና ከበሮው አንድ ላይ ሲወርዱ ዜማውን የሚያነሳው ያ ክብደት ነው። በሌላ በኩል ትልልቆቹ የብሉቱዝ ስፒከሮች ቤዝ ማጋነኛቸው እንደበራ ከተተወ ጓዳው ይንቀጠቀጣል እንጂ ዘፈን አይሰማም። ማጋነኛውን አጥፍቶ፣ ኢኳላይዘሩን ወደ መካከል መልሶ፣ መካከለኛ ዋጋ ባለው ሄድፎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቅደም ተከተል መስማት ይበቃል። የዘፈኖቹን ተራ የሚያቀላቅለው ማደባለቂያ (ሻፍል) ይጥፋ። የዘፈኖቹ ተራ ታስቦበታል፤ ከድግስ ይጀምርና ወደ ድካም፣ ከድካም ወደ ክህደት ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር። «አቤል ትዝታ ነው የሚዘፍነው»፣ «ባቲ ነው»፣ «አምባሰል አለበት» የሚሉ አስተያየቶች በየጊዜው ይነገራሉ። በክራር ወይም በኪቦርድ ላይ የሚፈትን ሰው ይህ እንደማያስኬድ ወዲያው ያያል። ሙሉ ቤት ትዝታ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው። እነዚህ አምስት ድምፆች በቻይና፣ በስኮትላንድና በአሜሪካ የገጠር ዘፈን ውስጥም አሉ። የባቲ ማይነር ዶ፣ ሚ ፍላት (ግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለ ሚ)፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ፍላት የብሉዝና የአር ኤንድ ቢ ዘፋኞች ሁሉ የሚመላለሱበት ጎዳና ነው። ስለዚህ ክራርን በባቲ ማይነር ቃኝቶ ከአቤል ዘፈን ጋር ቢገጥምለት የሚያረጋግጠው አቤል አር ኤንድ ቢ እንደሚዘፍን ብቻ ነው፤ ከየትኛውም ጥቁር አሜሪካዊ ዘፋኝ ጋር ይገጥምለታል። ማስረጃ የሚሆነው ሌላ ቦታ በቀላሉ የማይገኘው ቅኝት ነው። አንቺሆዬ፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል ፍላት፣ ላ፣ ቢገኝ ኖሮ ነገሩ ያለቀለት ነበር። በዚህ አልበም ውስጥ አንቺሆዬ የለም። የአማርኛ ቃልም የለበትም፤ በአማርኛ የአንዲት ሴት ድምፅ የሚሰማው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው «ዘ ሂልስ» መጨረሻ ላይ ነው።

ታዲያ ከቤቱ ያመጣው ነገር የለም ማለት ነው? አለ፤ ያለው ቅኝቱ (የሚመርጣቸው ድምፆች) ላይ ሳይሆን ቅላጼው (አዘፋፈኑ) ላይ ነው። እሱ ራሱ ቤት ውስጥ አስቴር አወቀን፣ ጥላሁን ገሠሠን፣ ማሕሙድ አሕመድንና ሙላቱ አስታጥቄን እየሰማ እንዳደገ፣ ሳያስበው እንደሠረጹበትም ለጋዜጠኞች ተናግሯል። የሚሰማበትን ቦታ ለሚፈልግ ስምንተኛው ዘፈን «ሎፍት ሚውዚክ» አለ። ግጥሙ ያበቃና ሁለተኛው አጋማሽ ላይ አቤል ያለ ቃል ማንጎራጎር ይጀምራል። እዚያ ላይ የእያንዳንዱን ሐረግ መጨረሻ ያስተውሉ። ድምፁን ከፍ ካለ ቦታ ይይዘዋል፣ ያቆየዋል፣ ያርገበግበዋል፣ ከዚያ በጥቃቅን ደረጃ እያንሸራተተ ያወርደዋል። አሜሪካኖቹ ዘፋኞች ብዙ ጊዜ ጌጡን የሚያበዙት ሐረጉ መሃል ላይ ነው፣ መጨረሻውን ይዘጉታል። የእኛዎቹ መጨረሻውን ክፍት ይተዉትና እዚያ ያለቅሱበታል። የትኛውንም ቀስ ያለ የአስቴር ትዝታ ከፊቱ አስቀምጦ ማወዳደር ይቻላል፤ ዜማው አይመሳሰልም፣ አወራረዱ ይመሳሰላል።

ሌላው ግማሽ ግን የማይክል ጃክሰን ነው፤ ይህንንም መደበቅ አያስፈልግም። ትንፋሽ ቆረጥ አድርጎ ቃሉን መወርወሩ፣ ቀጭን ድምፁን በቁጣ ማሾሉ ከእዚያ የመጣ ነው። ዲሴምበር 2011 ላይ የማይክልን «ደርቲ ዲያና» እንደገና ዘፍኖ ሦስተኛ ሥራውን የከፈተው በከንቱ አልነበረም።

አንድ የሚያስገርም ነገርም አለ። ከ9ኙ ዘፈኖች 5ቱ በሌላ ሰው ቅጂ ላይ የቆሙ ናቸው፤ ከእነዚህ ውስጥ አንድም የኢትዮጵያ ሙዚቃ የለም። በአልበሙ ስም የሚጠራው ሦስተኛው ዘፈን የተሠራው የለንደኖቹ ሱዚ ኤንድ ዘ ባንሺስ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጡት ዘፈን ላይ ነው። «ዘ ፓርቲ ኤንድ ዘ አፍተር ፓርቲ» እና «ሎፍት ሚውዚክ» ቢች ሃውስ ከተባሉት የባልቲሞር ሙዚቀኞች ተወስደዋል። «ዘ ኖዊንግ» ከስኮትላንዶቹ ኮክቶ ትዊንስ ነው። የአሊያው ተጠቅሷል። በሌላ በኩል የኒው ዮርኩ ራፐር ናስና የጃማይካው ዘፋኝ ዴሚያን ማርሊ እ.ኤ.አ. በ2010 አብረው ባወጡት «አስ ዊ ኤንተር» ላይ የሙላቱን «የግሌ ትዝታ» ሳምፕል አድርገዋል። ቤቱ ሙሉ የሙላቱ ካሴት የነበረው ልጅ ወደ እንግሊዝ ሮክ ሲሄድ፣ ኒው ዮርክና ጃማይካ ወደ ሙላቱ መጡ። ይህ ነቀፋ አይደለም። ልጁ ይሰማ የነበረውን ሰምቶ ሠራ፤ «ሥሩን ተጠቀመ» እያልን የምናወድሰው ግን ያላደረገውን ነው።

ወደ ዘፈኖቹ። «ሃይ ፎር ዚስ» እንደ መክፈቻ የሚተካከለው ጥቂት ነው፤ ከበሮው እስኪገባ አድማጩን ያስጠብቃል፣ ሲገባም የጠበቀውን ይከፍለዋል። ሦስተኛው «ሃውስ ኦፍ ባሉንስ» ከ6 ደቂቃ ተኩል በላይ ነው፤ መሃል ላይ «ግላስ ቴብል ገርልስ» ወደተባለ ሌላ ዘፈን ይገለበጣል። የመጀመሪያው አጋማሽ «ደስ ብሎናል» እያለ ለማሳመን ይታገላል፤ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ድምፁ ወርዶ፣ ቢቱ (የሙዚቃ ቅንብሩ) ጠቁሮ፣ ደስታው የአደንዛዥ ዕፅ እንደነበር ያጋልጣል። የአልበሙ ሙሉ ሐሳብ በዚህ አንድ ዘፈን ውስጥ አለ። ልጁ ሌላ ምንም ሳይሠራ ቢቀር እንኳን ይህ በቂ ነበር። «ዘ ሞርኒንግ» የጊታሩ ብርሃን የበዛበት፣ ስለ ገንዘብና ስለ ሌሊት ሠራተኞች የሚያወራ ነው። ከሁሉም ይበልጥ በዜማው የሚያዝ እሱ ነው።

«ዊክድ ጌምስ» ከሁሉም የታወቀው ነው፤ «ትሪሎጂ» ሲወጣም ከፊት የተላከው እሱ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ አድናቂ ይቆጣል፣ ግን መካከለኛ ነው። አዝማቹ ጠንካራ ነው፣ ስንኞቹ ግን በጥልቀት ምትክ ስድብን ይጠቀማሉ፤ ከሁለተኛው አዝማች በኋላ አዲስ ነገር አይጨመርም፣ ከ5 ደቂቃ በላይ ሆኖ 3 ደቂቃ ተኩል ይበቃው ነበር። «ዋት ዩ ኒድ» ያለ አሊያ ድምፅ ግማሽ ነው፤ ከእሷ ጋር ሲሆን ደግሞ ውበቱ የማን እንደሆነ መጠየቅ ግድ ነው። «ዘ ፓርቲ ኤንድ ዘ አፍተር ፓርቲ» ከ7 ደቂቃ ተኩል በላይ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሙሉ ዘፈን ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ክፍል ተቀጥሎበት ያንኑ ልመና ይደግማል። መቆረጥ የነበረበት ይህ ነው። «ከሚንግ ዳውን» ደግሞ የአልበሙ ትርፍ ነው፤ በፊቱ ከነበሩት ዘፈኖች ፍጥነቱም፣ ጨለማውም፣ ይቅርታ ጥየቃውም የተለየ አይደለም። ስድስተኛውና ሰባተኛው በተከታታይ መቀመጣቸው አልበሙን መሃል ላይ ያዳክመዋል፤ ብዙ ሰው አቋርጦ የሚወጣው እዚያ ጋ ነው።

መዝጊያው «ዘ ኖዊንግ» ሁሉንም ይክሳል። የተከዳ ሰው ያለ ጩኸት «አውቄያለሁ» የሚልበት ነው። እስከዚያ ድረስ ሌላውን ሲጎዳ የቆየው ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ራሱ ሲጎዳ እናገኘዋለን፤ ያም ቢሆን ይቅርታ አይጠይቅም። ታሪኩን ሐቀኛ የሚያደርገው ይህ ነው።

ስለ ይዘቱ ዝም ማለት አይቻልም። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር የአደንዛዥ ዕፅ፣ የስካርና የወሲብ ነው። ሴቶቹ ስም የላቸውም፣ አይናገሩም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ራሷን ስታ ያለች ሴት እንደምትባበል ይሰማል። «ገጸ ባሕሪ ነው እንጂ እሱ አይደለም» የሚለው መከላከያ ለ«ግላስ ቴብል ገርልስ» ይሠራል፤ እዚያ ላይ ዘፈኑ ራሱ ሰውየውን ይከስሰዋል። ለ«ዋት ዩ ኒድ» ግን አይሠራም፤ ዘፈኑ ሰውየውን ይወደዋል። የሚያምር ዜማ ይህን አያጥበውም። ከታዳጊ ልጆች ጋር የሚሰማ አልበም አይደለም፤ ታክሲ ውስጥና ካፌ ውስጥ እንግሊዝኛው አይሰማም ተብሎ ከጧት ጀምሮ መክፈቱም ተገቢ አይመስልም። ልጆቹ ከእኛ ይበልጥ ይሰሙታል።

የሙያውን ሰዎች ስም መጥራትም ያስፈልጋል፤ በእኛ ጋዜጦች ላይ ዘፋኙ ብቻ ነው የሚኖረው። የዚህን አልበም ድምፅ የፈጠሩት በዋናነት ዶክ ማኪኒና ኢላንጀሎ የተባሉ አቀናባሪዎች ናቸው። ከእነሱ በፊት ደግሞ ጄረሚ ሮዝ የተባለ ወጣት በመጀመሪያዎቹ ሦስት የዩቲዩብ ዘፈኖች ላይ ሠርቷል፤ አልበሙ በነጻ ሲለቀቅ ስሙ አልሰፈረም ነበር። ይህ ለአገራችን ወጣት አቀናባሪዎች እንግዳ ነገር አይደለም። ከማንም ጋር ሲሠራ የመጀመሪያው ቢት ከመላኩ በፊት ማን ግጥም፣ ማን ዜማ፣ ማን ቅንብር እንደሠራ፣ ድርሻውም ስንት በመቶ እንደሆነ በአንድ ገጽ ወረቀት ተፈርሞ መቀመጥ አለበት። ከታወቁ በኋላ የሚጻፍ ወረቀት ፀብ ነው።

ሳምፕልም እንዲሁ። በነጻ በተሰራጨ ሥራ ላይ ዝም የተባለው ሁሉ ሽያጭ ሲመጣ ይጠየቃል፤ የአሊያው ሳምፕል ከ«ትሪሎጂ» የወጣው እንዲሁ አልነበረም። ፈቃዱም ሁለት ነው፤ አንዱ የቅጂው ባለቤት፣ ሌላው የዜማና የግጥሙ ባለቤት ነው። በአገራችን በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የድምፅ ቅጂ አምራች ጥበቃ 50 ዓመት ሲሆን፣ የደራሲው ግን ዕድሜ ልኩንና ከሞተ በኋላ ደግሞ 50 ዓመት ነው። ስለዚህ «ይህ ሸክላ 50 ዓመት አልፎታል» ብሎ የቆየ ዘፈን ቆርጦ ቢት ውስጥ የሚጨምር ልጅ ከአንዱ ቢያመልጥ ከሌላው አያመልጥም።

በመጨረሻ ይህን ድምፅ ለመኮረጅ የሚደክሙ የቤት ስቱዲዮዎች ስላሉ ለምን እንደማይሳካ መናገሩ ይጠቅማል። የሚደረገው ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ ቢቱን ቀስ ማድረግ፣ ድምፁ ላይ ብዙ ሪቨርብ (ማስተጋባት) መጫን፣ አውቶቲዩን (የዘፋኙን ድምፅ ወደ ተመረጠው ከፍታ የሚጎትት ፕሮግራም) እስከ መጨረሻው መክፈት። ውጤቱ ጉድጓድ ውስጥ የሚዘፍን ሰው ነው። በደቂቃ 65 ምት በሚሄድ ዘፈን ላይ አንድ ምት 0.92 ሰከንድ ነው፤ 4 ምት ደግሞ 3.7 ሰከንድ ገደማ። ሪቨርቡ 4 ሰከንድ ከቆየ አንዱ ስንኝ ሳይሞት ሌላው ይመጣበታል። እንግሊዝኛ ይህን በመጠኑ ይችለዋል። አማርኛ አይችልም፤ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚፈነዱ ድምፆች ስለሆኑ ጅራታቸው ተደራርቦ ይንጫጫል፣ የሚጠብቀውና የሚላላው ቃልም አይለይም። መፍትሔው ሪቨርቡን ወደ 2 ሰከንድ ማውረድ፣ ከድምፁ በኋላ ከ60 እስከ 80 ሚሊ ሰከንድ አዘግይቶ ማስጀመር፣ ከሪቨርቡ ውስጥ ከ300 ኸርዝ በታችና ከ6 ሺህ በላይ ያለውን መቁረጥ ነው። ጭጋጉን ከድምፁ ሳይሆን ከኋላ ካሉት ኪቦርዶችና ከተደራረቡ የአጃቢ ድምፆች ማምጣት ይሻላል፤ ዋናው ድምፅ ደረቅ ይሁን፣ ከበስተኋላው 3 ወይም 4 ጊዜ የተቀዳው አጃቢ ይርጠብ።

አውቶቲዩኑ ላይ ደግሞ ሁለት ስሕተት አለ። ማስተካከያ ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ሲደረግ ያ የምናደንቀው የሐረግ መጨረሻ መርገብገብ ተደፍጥጦ ደረጃ ደረጃ ይሆናል፤ ጌጡ እንዲተርፍ ፍጥነቱን ዘግየት ማድረግ፣ ከተቻለም ረዘም ያሉትን ድምፆች በእጅ ማስተካከል ነው። ሁለተኛው የቅኝት ነው። ፕሮግራሙ ሜጀር ላይ ተቀምጦ አምባሰል የዘፈነ ሰው ሬ ፍላቱን እየጎተተ ወደ ዶ ወይም ወደ ሬ ይወስድበታል፤ ዘፋኙ የሳተ ይመስላል። አምስቱን ድምፆች፣ ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት፣ ብቻ መርጦ ሌሎቹን ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በማሲንቆ የታጀበ ከሆነ ግን ማሲንቆ በኪቦርድ ልክ ስለማይቃኝ ጨርሶ ባይነካ ይመረጣል።

ለአዘጋጁ አንድ ጥያቄ ይቀርባል። በቀጣይ ስለ አቤልም ሆነ ስለ አገር ቤት ወጣት ዘፋኝ አልበም ስትጽፉ የአቀናባሪውን፣ ሚክስ ያደረገውንና የዜማ ደራሲውን ስም፣ የዘፈኖቹን ርዝመትና የትኛው ቅጂ እንደሆነ በአንድ ጥግ በትንሽ ሳጥን አስፍሩልን። ሙሉ 50 ደቂቃ የሌለው አንባቢ ደግሞ ሦስተኛውን፣ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ዘፈን በዚሁ ተራ ይስማ፤ 18 ደቂቃ ተኩል ገደማ ይፈጃል።

የገጻችሁ ተከታታይ
ከአዲስ አበባ